የኢፍቱ ደላላ

የአትክልት ግዢ ድርጅቱ የናዝሬት ኃላፊ ጓድ ጉደታ እንደሚሉት፣ ባለፈው የቲማቲም ወቅት አንድም ሣጥን ሜዳ ላይ ሳይበሰብስ የቀረው ናዝሬት ዋናው መሥሪያ ቤት ያለው ኮምፒዩተር የጭነት መኪናዎቹን ስምሪት በየምሽቱ ስላወጣ ነው። ይህ ማሽን ከአንድ የእርዳታ ድርጅት የተገኘ ስጦታ ሲሆን ቀኑንና ሰዓቱን ራሱ ያውቃል። ዓለም ጤና ከተማ ባለው የግዢ ጣቢያ የተቀመጠው የምሥራቅ ጀርመን ማሽን ግን መብራት ከመብላት በቀር ሥራ የለውም፤ ዕለቱ ምን እንደሆነ እንኳ በየጠዋቱ ሰው ካልነገረው አያውቅም። ጓድ ኑሬ የሚሉት ደግሞ ሌላ ነው። የዓለም ጤናው ጣቢያ ኃላፊ ናቸውና በዓይናቸው ያዩትን ይናገራሉ፤ መኪናዎቹን ማሳ ለማሳ የደለደለው የወዳጅ ሶሻሊስት አገር ማሽን ነው። የናዝሬቱ እንደ ሙሽራ መጋረጃ ተጋርዶለት፣ ቬንትሌተር ተገዝቶለት ተቀምጧል፤ እንኳን ቲማቲም የራሱን ሙቀት የሚችል አይደለም። ሁለቱም አስተያየታቸውን በጽሑፍ አቅርበዋል። ሁለቱም ጽሑፍ ላይ «ፕሮግራሙ በእኛ ማሽን የተሠራ ነው» የሚል ቃል ይገኛል። የሚገርመው ግን ሁለቱም አልዋሹም።

ፕሮግራሙን የጻፈችው ኢፍቱ ባጫ ነች። ስሟ በአንዱም ጽሑፍ ውስጥ አልተጠቀሰም። በዚህ አልተቀየመችም ማለት ውሸት ይሆናል፤ ግን ነገሩ እንዲህ እንዲሆን ያደረገችው ራሷ መሆኗን ታውቅ ነበር። ሥራውን የሠራችው ናዝሬት ያለው ሰው ፕሮግራሙ የናዝሬት፣ ዓለም ጤና ያለው የዓለም ጤና እንዲመስለው አድርጋ ነው። በደንብ የሠራች እንደሆነ የምታውቀውም ማንም ሳይጠይቃት ሲቀር ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ግን የሚጠይቅ ሰው ከአዲስ አበባ እየመጣ ነበር። የቁጠባና የድግግሞሽ ማስወገጃ ኮሚቴ ይባላል። አንድ ሥራ ሁለት ቦታ ሲሠራ ካገኘ አንዱን ይዘጋል። ኢፍቱ ፊቷን ስትታጠብ እናቷ ወይዘሮ ወርቄ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና፣ ቤተ ክርስቲያኗ ከተዘጋች ወዲህ ድምፅ አውጥታ የማትዘምረውን መዝሙር በአፍንጫዋ ታንጎራጉር ነበር። ቤቱ የቀበሌ ነው፤ አንድ ክፍል፣ በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለ። ከመጋረጃው ወዲህ የአባቷ የባጫ አልጋ፣ የእሷ ፍራሽ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የጠረጴዛው እግር እንዳይነቃነቅ የተሸጎጠበት ካርቶን። ከወዲያ ምድጃው፣ ጀሪካኖቹና እናቷ። ውሃ ከቦኖ ነው የሚቀዳው፤ ወረፋው ጎህ ሳይቀድ ይጀምራል። ጓድ ጉደታ ባለፈው ሳምንት «የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ የሚሆን ሰው እዚሁ ለገሃር አጠገብ ቤት ይሰጠዋል» ብለው ነበር፤ ኢፍቱም ይህንን ለቤተሰቧ ነገረች፤ ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ወርቄ ጀሪካን ባነሳች ቁጥር ወገቧን ትይዛለች።

ባጫ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሻዩን በጸጥታ ይጠጣል። ዓለም ጤና የሽንኩርት ገበያ ውስጥ የሱን ስም የማያውቅ ሰው አልነበረም። ደላላ ነበር። ደላላ የሕዝብ ጠላት ነው ተብሎ ከገበያ የተባረረ ጊዜ እሱም ጥቂት ወራት ታስሮ ወጣ፣ ቤተሰቡን ይዞ ናዝሬት ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ያ ቃል በዚህ ቤት ተነሥቶ አያውቅም። አባትሽ ምን ይሠራሉ ሲሏት ኢፍቱ «ገበሬ ነው» ትላለች። ባጫም ይህን እንደምትል ያውቃል። ተነጋግረውበት አያውቁም።

«ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ አልሽ?» አለ፣ ጫማዋን ስታስር።

«አዎ አባ።»

«ብዙ አትናገሪ» አለና ወደ ሻዩ ተመለሰ።

ስብሰባው የተካሄደው እዚያው ቬንትሌተሩ ባለበት በኮምፒዩተሩ ክፍል ነው። ምክንያቱም ከቢሮዎቹ ሁሉ ቀዝቀዝ ያለው እሱ ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጓድ ጥላዬ ኢፍቱ የጠበቀችው ዓይነት ሰው አልነበሩም። አይቆጡም፤ አያቋርጡም፤ ሰው ሲናገር እርሳሳቸውን አስቀምጠው ያዳምጣሉ። መጀመሪያ ጓድ ጉደታን ሰሙ። ቀጥሎ ጓድ ኑሬን ሰሙ። ከዚያ ሁለቱ ሰዎች እርስ በርስ መነጋገር ሲጀምሩ እጃቸውን አነሡና «ፕሮግራሙን የጻፈው ማነው?» አሉ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ እንደ አዲስ እንግዳ፣ ወደ ኢፍቱ ዞረ።

ኢፍቱ የአባቷን ምክር ረሳች። ማንም ጠይቋት አያውቅምና ሲጠይቋት ደስ አላት። ፕሮግራሙ አንድ ነው፣ አለች፤ ማሽኖቹ ግን የውስጥ ሥርዓታቸው ለየቅል ነው። አንዱን ጻፍ የሚያሰኘው ትእዛዝ ለሌላው ትርጉም የለውም። ስለዚህ ለየማሽኑ ሌላ ሌላ ፕሮግራም ከመጻፍ ይልቅ በመሃል አንድ ክፍል አስገባች፤ ባለሙያዎቹ ላይብረሪ ይሉታል፣ ተዘጋጅተው የተቀመጡ ትእዛዞች ስብስብ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ማሽኑን አያውቀውም፤ የሚያውቀው ይህን ክፍል ብቻ ነው። «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ክፍሉ ናዝሬት ላይ ከማሽኑ ሰዓት ወስዶ፣ የፈረንጁን ቀን ወደኛ መልሶ ያመጣለታል፤ ዓለም ጤና ላይ ማሽኑ ሰዓት ስለሌለው ጸሐፊዋን ጠይቆ ያመጣለታል። ፕሮግራሙ መልሱ ከየት እንደመጣ አያውቅም፤ አያስፈልገውምም። ፊቱ አንድ ነው፣ ጀርባው ሁለት። ፕሮግራሙ ላይ ስሕተት ስታገኝ አንዴ ታርመዋለች፣ በሁለቱም ቦታ ይታረማል።

ጓድ ጥላዬ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። በእርግጥ ገብቷቸዋል። ችግሩም እዚያ ላይ ነበር።

«ይህ በመሃል ያለው ክፍል» አሉ ቀስ ብለው፣ «ራሱ መኪና ይመድባል?»

«አይመድብም።»

«ያሰላል?»

«የስምሪቱን ስሌት? አይ፣ እሱን ፕሮግራሙ ነው የሚያሰላው።»

«ይጽፋል?»

«ማሽኑ ነው የሚጽፈው። እሱ ጻፍ ብሎ ይነግረዋል።»

«እንግዲህ ራሱ ምንም አያመርትም። በአምራቹና በተቀባዩ መሃል ተቀምጦ የአንዱን ቃል ለሌላው ያደርሳል።» ጓድ ጥላዬ እርሳሳቸውን አነሡ። «ደላላ ነው ይበሉኛ፣ ጓዲት ኢፍቱ!»

ሳቅ ሆነ። ከሁሉ በላይ የሳቁት ጓድ ኑሬ ነበሩ፤ የዓለም ጤና ሰው ስለሆኑ ባጫን በደንብ ያውቁታል። ከዚያ ትዝ ሲላቸው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ያዙ። የሳቃቸው ድንገት መቆም ከሳቁ ይልቅ ኢፍቱን አቃጠላት።

«ያለ እሱ ፕሮግራሙ አይሠራም» አለች።

«እስቲ ያሳዩን።»

ያን የመሃል ክፍል አውጥታ ፕሮግራሙን አስነሣች። ማሽኑ ጥቁር ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ብርሃን እያብለጨለጨ ዝም አለ። ሁሉም ጎንበስ ብለው ያችን ብርሃን አዩ። ጓድ ጉደታ «አኩርፏል» አሉ። ጓድ ጥላዬ ግን ቀና ብለው፣ ያለ ክፋት፣ እንዲያውም በሐዘኔታ ፈገግ አሉ። «አያችሁ፣ ያለ እኛ ገበያው አይሠራም እያሉ ነጋዴዎቹም እንዲሁ ያስፈራሩን ነበር» አሉ። «ፕሮግራሙ ከማሽኑ ጋር በቀጥታ ይነጋገር።»

«ከየትኛው ማሽን ጋር?» አለች ኢፍቱ።

ይህን ከሰዓት በኋላ እናያለን ተባለና ለምሳ ተበተኑ።

ጓድ ጉደታ ኮሪደሩ ላይ ደረሱባት። ክርኗን ይዘው ወደ መስኮቱ ወሰዷት። «ስሚ ልጄ፣ ነገሩ አልቋል። ሰውየው የሚዘጋው የዓለም ጤናውን ነው፤ ቬንትሌተሩን ወዶታል። አንቺ ዛሬ ከሰዓት ተነሥተሽ ‹ይህን ደላላ በራሴ እጅ እቆርጣለሁ፣ ፕሮግራሙን ለናዝሬት ማሽን ብቻ አደርገዋለሁ› ትያለሽ። እኔ የክፍል ኃላፊነትሽን አስጸድቃለሁ። ቤቱም ከነቧንቧው ያንቺ።»

«ካልቆረጥኩስ?»

«ሌላ የሚቆርጠው ሰው የለም። ውስጡን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ለዚህ እኮ ነው የምለምንሽ!» አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳይስቁ፣ «እዚያ ሩቅ አቦምሳ ጣቢያ ሚዛን ላይ የሚቀመጥ ሰው አጥተዋል። የሰውየው ኮሚቴ ደግሞ ባዶ ቦታ ሲያይ አያስችለውም።»

በጋሪ ወደ ቤት ሄደች። የዕለቱ ሙቀት ፈረሱን እንኳ አድክሞታል፤ ባለጋሪው ጅራፉን ይዞ ያንቀላፋል። ዓለም ጤናን አሰበች። ከስምሪቱ በፊት ገበሬዎቹ መኪና ይመጣል ብለው ቲማቲም ለቅመው ይቆያሉ፣ መኪና ይቀራል፣ ቲማቲሙ ሣጥኑ ውስጥ ይፈላል። መኪናው ሲመጣ ደግሞ የተለቀመ የለም። አሁን ግን ማታ ማታ ማሽኑ የሚያወጣውን ወረቀት አይተው ነው የሚለቅሙት። ቀጥሎ ቤቱን አሰበች። ለገሃር አጠገብ ሲያልፉ ጋሪው ላይ ቀና ብላ አየችው፤ ሰማያዊ በር፣ አንድ የፓፓያ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር እርጥብ መሬት። መሬቱ የረጠበው ቧንቧው ስለሚያንጠባጥብ መሆን አለበት። ውሃ እንዲህ በከንቱ የሚንጠባጠብበት ቤት።

ምሳ ላይ ሁሉንም ነገረቻቸው። «ደላላ» የሚለው ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆመች፤ ግን ሌላ ቃል አልነበረውምና አለችው። እናቷ እጇ ሳህኑ ላይ ቀረ። ባጫ ቀና ብሎ ልጁን አያት፤ ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኢፍቱ የሚያለቅስ መስሏት ደነገጠች። እየሳቀ ነበር።

«ስንት ይወስዳል?» አለ፣ ዓይኑን እየጠረገ።

«ማን?»

«ደላላሽ ነዋ። ኮሚሽኑ ስንት ነው?»

«ምንም አይወስድም፣ አባ።»

«ምንም? ከገበሬም ከነጋዴም?» ባጫ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ወርቄ፣ ሰማሽ? ይኼ ምን ዓይነት ደላላ ነው? የኛን ስም የሚያጠፋ!»

ወይዘሮ ወርቄ አልሳቀችም። «ቧንቧው ግቢ ውስጥ ነው ወይስ ቤት ውስጥ?» አለች።

«ግቢ ውስጥ።»

«ግቢ ውስጥም ይበቃል» አለችና ሳህኑን አነሣች።

ባጫ ሳቁ አለቀበት። ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ራሱ የሚናገር መሰለና ኢፍቱ ጠበቀች። እሱ ግን እጁን ሲታጠብ የተናገረው አጭር ነበር። «ቁረጪው፣ ልጄ። እኔንም አንተ ምንድነህ ሲሉኝ ምንም አይደለሁም ነው ያልኩት። ምንም አይደለሁም ያለ ሰው ከእስር ይለቀቃል።» ከዚያ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ኢፍቱ ጀርባውን እያየች ቆየች። እናቷ ከመጋረጃው ወዲያ ሳህን ታጥባለች፤ ውሃውን ግን እየቆጠበች፣ ጠብ ጠብ እያደረገች።

ከሰዓት በኋላ ስብሰባው ላይ አንድ ሰው ተጨምሮ ነበር። ኦቦ ፈይሳ ይባላሉ፤ የዓለም ጤና አትክልት አምራቾች ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። ማሽኑ ሊወሰድ ነው የሚል ወሬ ሰምተው የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥለው መጡ፤ ልብሳቸው አቧራ ለብሷል። አማርኛቸው ለሰላምታ ያህል ነው፤ ጓድ ጥላዬ ደግሞ ኦሮምኛ አይችሉም። ጓድ ጉደታም ጓድ ኑሬም ሁለቱንም ቋንቋ ያቀላጥፉታል፤ ግን ሁለቱም ባለጉዳይ ናቸው ተባለ። «ጓዲት ኢፍቱ ያስተርጉሙልን» አሉ ሰብሳቢው። ኢፍቱ ተነሥታ ከሁለቱ ሰዎች መሃል ቆመች።

ኦቦ ፈይሳ በኦሮምኛ ጀመሩ። «ይህ ሰውዬ ቲማቲም እንደ ብርቱካን ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚጠብቅ ይመስለዋል እንዴ? አንድ ቀን ካለፈው እኮ ወጥ ነው!»

«ጓድ ፈይሳ» አለች ኢፍቱ በአማርኛ፣ «ኮሚቴው የቲማቲምን የመልቀሚያ ጊዜ ከግምት እንዲያስገባ በአክብሮት ያሳስባሉ።»

ጓድ ኑሬ አሳላቸው፤ መሐረባቸውን አወጡ።

ጓድ ጥላዬ ስለ አምራቹ ንቃት፣ ስለ ማዕከላዊ አሠራር፣ ስለ ድግግሞሽ ጉዳት በእርጋታ ብዙ ተናገሩ። ኢፍቱ አዳምጣ ስትጨርስ ወደ ኦቦ ፈይሳ ዞረች። «መኪና ሲኖር ከናዝሬት በስልክ እንነግራችኋለን ይላሉ» አለች በኦሮምኛ።

«በየትኛው ስልክ? በዚያ ከክረምት ጀምሮ በሞተው? ከስልኩ ይልቅ አህያዬ ብትጮህ ናዝሬት ትሰማ ነበር በዪው!»

«የስልኩ መሥመር ጉዳይ እንዲታይ ሐሳብ ያቀርባሉ።»

«ተገቢ ሐሳብ ነው!» አሉ ጓድ ጥላዬ። ፊታቸው በራ። «በጣም ጨዋ ሰው ናቸው። ይንገሩልኝ።»

«ምን አለ?» አሉ ኦቦ ፈይሳ።

«ጨዋ ነዎት ይላሉ።»

ኦቦ ፈይሳ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ተናደው ለመጣላት ነበር የመጡት፤ እንዲህ ያለ ነገር አልጠበቁም። «እሱም ሰው ይመስላል» አሉ በመጨረሻ፣ ኮፍያቸውን እያወለቁ። ይህን ኢፍቱ ምንም ሳትነካ፣ እንዳለ ተረጎመችው። ጓድ ጥላዬ ተነሥተው የኦቦ ፈይሳን እጅ ጨበጡ፤ ከዚያ፣ እጃቸውን ሳይለቁ፣ ወደ ጉባኤው ዞሩ።

«አያችሁ ጓዶች፣ ከአምራቹ ጋር በቀጥታ መነጋገር ምን ያህል ይጠቅማል!»

ጓድ ጉደታ ጫማቸውን አዩ። ጓድ ኑሬ መሐረባቸው ውስጥ ጠፉ። ኢፍቱ እዚያው መሃል እንደቆመች ነበር፤ ሰብሳቢው ግን እጃቸውን የዘረጉት በእሷ ፊት አሻግረው ስለሆነ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ማለት አስፈልጓት ነበር። የተናገሩትን ከልባቸው እንደተናገሩት ታያቸዋለች። ክፉ ሰው አይደሉም። ቢሆኑ ኖሮ ይቀላት ነበር።

ውሳኔው ከዚያ በኋላ ብዙ አልፈጀም። የመሃሉ ክፍል ይወገዳል። ፕሮግራሙ ለናዝሬቱ ማሽን ብቻ በቀጥታ ይጻፋል። ይህ እንዳለቀ የዓለም ጤናው ማሽን ወደ መጋዘን ይገባል። ጓድ ጉደታ ተነሥተው፣ ሥራውን ከዛሬ ጀምራ የምትፈጽመው ጓዲት ኢፍቱ በክፍል ኃላፊነት እንድትመደብ፣ የመኖሪያ ቤትም እንዲሰጣት ሐሳብ አቀረቡ። ተደገፈ። ጓድ ኑሬ ብቻ እጃቸውን አላነሡም፤ ግን አልተቃወሙም።

ኦቦ ፈይሳ በፈገግታ ዙሪያውን ካዩ በኋላ እጃቸውን ኢፍቱ ክንድ ላይ አደረጉ። «ምን ተባለ፣ ልጄ? ተስማማን አይደል?»

ኢፍቱ ለዚህ የሚሆን ለስላሳ ቃል ፈለገች። ከጠዋት ጀምሮ፣ እንዲያውም ከዚያ በፊት ዓመት ሙሉ፣ ለሁሉም ነገር የሚሆን ቃል አላጣችም ነበር። አሁን ግን ሽማግሌው ዓይን ዓይኗን እያዩ ይጠብቋታል። ቧንቧው ሥር ያለው እርጥብ መሬት ታያት። እናቷ ወገቧን ይዛ ታየቻት። ከእሷ በቀር ያን የመሃል ክፍል የሚቆርጠው እንደሌለም አስታወሰች፤ እሷ ካልቆረጠችው፣ ሌላ ሰው እስኪገኝ፣ ነገም ከነገ ወዲያም ማታ ማታ ወረቀቱ በሁለቱም ቦታ ይወጣል። ለሌላ ሰው ደግሞ የቁጠባ ኮሚቴ በጀት አይፈቅድም።

«ማሽናችሁን ሊወስዱት ወሰኑ፣ ኦቦ ፈይሳ» አለች በኦሮምኛ። ምንም አልጨመረችም፤ ምንም አልቀነሰችም።

የኦቦ ፈይሳ ፊት ተለወጠ። ኮፍያቸውን መልሰው ደፉና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ብዙ ተናገሩ። የሕንፃው ዘበኛ በበሩ ብቅ አለ። ጓድ ጥላዬ ግራ ተጋብተው ኢፍቱን አዩ፣ «ምን እያሉ ነው? ምን ሆኑ? ጓዲት ኢፍቱ፣ ይተርጉሙልኝ እንጂ!»

ኢፍቱ ከመሃል ወጥታ ጥግ ላይ ካለው ወንበር ተቀመጠች። 

«የመሃሉን ክፍል አልቆርጠውም፣ ጓድ ሰብሳቢ። ኃላፊነቱም ቤቱም ይቅርብኝ፤ አቦምሳ እሄዳለሁ። ከጓድ ፈይሳ ጋር ግን አሁኑኑ፣ በቀጥታ ይነጋገሩ።»